ዛሬ ለማን ጸለይሽ?

ይህ ደብዳቤ የመጣልኝ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጸሐፊዋ እንዳትታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የሐረር ልጅ። ባለቤቴ ሙስሊም ነው፣ እዚሁ ድሬ መጋላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ። በማዘጋጃ ተፈራርመን ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆነን። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ሰው እንደሚያስበው አንጨቃጨቅም። ሥጋ እንኳን አላጣላንም። ቤታችን እንቁላል፣ ዓሣና አትክልት ነው፤ ሥጋ ያማረው ውጭ ይበላል። ችግራችን ሌላ ነው። እሱ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ስግደት፣ መስጊድ ሄዶ ሲመለስ እኔ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ይደርሳል። የግቢው በር ሲንኳኳ ቶሎ ብዬ መጽሐፉን ትራስ ሥር እሸጉጠዋለሁ። ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ግን እደብቃለሁ። እሱም ቤት ሲሰግድ ዕቃ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሌባ መሰልን። ድሮ ስለ ፈጣሪ ሳናወራ አንውልም ነበር፤ የተዋደድነውም በዚያ ነው። አሁን ወሬያችን የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ብቻ ሆኗል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ሁለታችሁም ሃይማኖታችሁን ተዉትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አብራችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ፣ ፍቅራችሁ ይመለሳል" አለችኝ። ኃጢአት ይሆን? እናቴስ ብትሰማ ምን ትላለች? ለልጄስ ምን ልበላት? እባክሽ ምከሪኝ።»

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድምና አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ስለ ትራሱ ላንሳ። ሰባት ዓመት አብሮሽ የተኛ ሰው ትራስሽ ሥር ያለውን መጽሐፍ አያውቅም ብለሽ ነው? ያውቃል። ምናልባት አልጋ ሲያነጥፍ አግኝቶት፣ እንዳላየ ሆኖ መልሶ አስቀምጦት ይሆናል። አንቺም ዕቃ ቤት የሚገባው ሊሰግድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሁለታችሁም ሁሉንም እያወቃችሁ እንዳላወቀ ሰው ትኖራላችሁ። የሚያደክማችሁ ይሄ ነው።

በክፋት እንዳላደረጋችሁት ይገባኛል። አንቺ እንዳይከፋው ብለሽ ነው፤ እሱ እንዳይረብሽሽ ብሎ ነው። ማንንም ልወቅስ አልፈልግም። ግን ይሉኝታ ሲበዛ ቤት ያቀዘቅዛል። ስለ ፈጣሪ እያወራን ነው የተዋደድነው ብለሻል። ያ ወሬ ሲቆም ኪራዩና ትምህርት ቤቱ ቦታውን ያዘ። ልጃችሁም ስድስት ዓመቷ ነው፣ ታያለች። ጸሎት ሰው ሲመጣ የሚደበቅ ነገር ነው ብላ እንድታድግ አትፈልጊም።

ወደ ባልደረባሽ ምክር ልምጣ። ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። ድካም ያወጣል፣ ንዴት ያበርዳል። በድሬ ሙቀት ስትቃጠዪ ውለሽ ማታ አሥር ደቂቃ ዝም ብትይ ማንም አይቀየምሽም። የማልስማማው «ሃይማኖታችሁን ተዉትና» የሚለው ላይ ነው። አንቺን ከውዳሴ ማርያምሽ፣ እሱን ከሱብሂው ለይቶ ማስታረቅ የሚቻል አይመስለኝም። አብልጣችሁ የምትወዱትን ነገር ደጅ አስቀምጣችሁ ገብታችሁ፣ ከዚያ ተዋደዱ ማለት ምን ማለት ነው?

ሌላ መንገድ የሚሞክሩ ባለትዳሮችም አሉ። ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ወስደው አንድ የጋራ ጸሎት ያዘጋጃሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው። ግን አንቺ «በስመ አብ» ሳትዪ አፍሽ አይፈታም። እሱ በ«ቢስሚላህ» ነው የሚጀምረው። አንዱ ሌላውን ለማስደሰት ብሎ የማያምንበትን ቃል ሲናገር፣ ደስታው ብዙ አይቆይም። ውስጥ ውስጡን ቅሬታ ይገባል። ጸሎታችሁን አትቀላቅሉ።

የምመክርሽ ይሄን ነው፦ አንዳችሁ የሌላችሁን ጸሎት ጠብቁ።

ሐረር ያደግሽ ስለሆንሽ ነገሩ ለአንቺ አዲስ አይደለም። ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በዩኔስኮ መዝገብ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ (የቅዱሳን መዘከሪያ) ቦታዎች አሉ። መድኃኔ ዓለምም እዚያው ግንቡ ውስጥ ነው። ሐሙስ ማታ አው አባድር ዚያራ ዘንድ ዚክሪው፣ የምስጋናው ዜማ፣ በከበሮ ይደምቃል። በዋዜማ ደግሞ ማኅሌቱ በከበሮና በጸናጽል ይቆማል። ታሪኩ ሁሉ ፍቅር ነበር ብዬ አላታልልሽም። ቤተ ክርስቲያኑ የመጣው ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን በጦርነት ከያዙ በኋላ ነው፤ ያ ቁስል ነበረው። ዛሬ ግን እዚያ ያለ ጎረቤት የጎረቤቱን ሰዓት ያውቃል። አዛን ሲሰማ ቴፑን የሚቀንስ ክርስቲያን አለ። የጎረቤቱን የጾም ቀን አስታውሶ የሚያቀርበውን የሚመርጥ ሙስሊም አለ። ማንም የማንንም ጸሎት አልተዋሰም። ሰዓቱን ግን ይጠብቅለታል። አንቺና ባለቤትሽ ከግድግዳ ጎረቤት ያነሰ መሆን የለባችሁም።

እንዴት እንደምትጀምሩት ልንገርሽ። ድሬ ላይ ቀዝቀዝ የሚለው ሰዓት ንጋት ነው፤ እናንተም ሁለታችሁ በዚያ ሰዓት ነቅታችኋል። ከምሽቱ እራት በኋላ፣ ልጅቱ ስትተኛ፣ «ነገ ለሱብሂ እኔ ልቀስቅስህ» በይው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ቀድመሽ ተነሺ። ቧንቧው ውኃ ከሌለው ለውዱእ፣ ከስግደት በፊት ለሚታጠበው፣ ከጀሪካኑ በጆግ ቅጂለት። እሱ ሲወጣ አንቺ ጸሎትሽን ጀምሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ የግቢውን ቁልፍ ይዞ ይውጣ። በሩ ካልተንኳኳ አንቺም አትደነግጪም። ሲገባ እንደቆምሽ ይይሽ። መጽሐፉ እጅሽ ላይ እንዳለ፣ ነጠላሽን እንደለበስሽ። አታቋርጪ፣ ቀና ብለሽም አትሳቂለት። ጨርሺ።

የመጀመሪያው ቀን ሁለታችሁም ይጨንቃችኋል። እሱ የት እንደሚቀመጥ ግራ ይገባዋል። ጫማውን አውልቆ ኮሪደሩ ላይ ሊቆም ይችላል። «ግባ፣ ተቀመጥ» በይው።

ክፍሉን አስቡበት። አንቺ የምትጸልዪው ወደ ምሥራቅ ነው። ከድሬ መካ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ይላል። ስለዚህ ሳሎናችሁ ውስጥ ጎን ለጎን ሆናችሁ የምታዩት ግን የተለያየ ግድግዳ ነው። አትጋጩም፣ ጀርባም አትሰጣጡም። የሚያስቸግረው የምትጸልዪበት የቅዱሳን ስዕል ነው። ብዙ ሙስሊሞች ስዕል ያለበት ክፍል መስገድ ይከብዳቸዋል፤ ይህንን እንደ ንቀት አትውሰጂበት። በኦርቶዶክስ ልማድ ስዕለ አድኅኖ መጋረጃ ይደረግለታል። መጋረጃ አሰፊለት። ስትጸልዪ ትገልጪዋለሽ፣ ከጨረስሽ ትመልሺዋለሽ። ለስዕሉም ክብር ነው፣ ለእሱም ይመቸዋል። ዒሻን፣ የማታውን ስግደት፣ ከእንግዲህ ዕቃ ቤት ሳይሆን ሳሎን ይስገድ። ቢሆንለት። የማይሆንለት ከሆነ ደግሞ በሩን ሳይዘጋ ይስገድ።

ከዚያ የዝምታው ነገር። አንቺ ጸሎትሽን ስትጨርሺ፣ እሱ ከመስጊድ ሲመለስ፣ አሥር ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። እሱ ሙስበሃውን፣ የዚክር መቁጠሪያውን፣ ይያዝ። ሱብሃነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 33። መስጊድ ብሎት ከመጣም ይድገመው፣ ዚክር አይበዛም። አንቺም መቁጠሪያሽን ያዢ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ 41 ጊዜ። በከንፈር ብቻ፣ ድምፅ ሳይወጣ። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይሁኑ። ሁለታችሁም ጣታችሁ ላይ የሚዞር ነገር አላችሁ፤ ሁለታችሁም ምሕረትና ምስጋና እየቆጠራችሁ ነው። ባልደረባሽ የነገረችሽ ዝምታ እዚህ ውስጥ አለ። ልዩነቱ፣ የእናንተ ዝምታ ባዶ አይደለም።

ሲያልቅ ሻይ ይፈላል። ወይም ከቡና ገለባ የሚፈላው ሀሸር ቃህዋ፣ የሐረር ልጅ ነሽና። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠያየቁ፦ «ዛሬ ለማን ጸለይሽ?» «ለማን ዱዓ አደረግክ?»

ምን ብለሽ ጸለይሽ አይባልም። ለምን እንደዚያ ብለሽ ጸለይሽ አይባልም። ለማን? ስም ብቻ። እሱ «ለእናትሽ ጉልበት» ይል ይሆናል። አንቺ በጅቡቲ አድርጎ ዓረብ አገር ስለገባው ወንድሙ ትጸልዪ ይሆናል፤ ነግረሽው ግን አታውቂም። ጥቂት ሳምንት ከቆያችሁ በኋላ ስሞቹ መደጋገም ይጀምራሉ። እናትሽ፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ ልጃችሁ፣ ኪራይ የጨመረባችሁ አከራይ ሳይቀር። አንድ ሰው ከአንድ ቤት በሁለት አፍ እየተጸለየለት እንደሆነ ስታውቂ፣ ባልሽን የምታዪበት ዓይን ይለወጣል። ፍቅራችሁ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ እናትሽ ጉልበት ጎህ ሲቀድ ፈጣሪውን የሚለምን ሰው ባዕድ ሊሆንብሽ አይችልም።

ድሮ ስለ ፈጣሪ ታወሩ ነበርና፣ ያንንም መመለስ ትችላላችሁ። ግን በሳምንት አንድ ማታ ብቻ፣ በንባብ። ከየት እንደምትጀምሩ ልጠቁምሽ። አንቺ የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 1 አንብቢለት፣ 80 ቁጥር ነው። እሱ ሱረቱ መርየምን ያንብብልሽ፣ 19ኛው ምዕራፍ ነው፣ 98 አንቀጽ። አማርኛ ትርጉሙን። ሁለቱም በሽማግሌው ዘካርያስ ይጀምራሉ፤ እናንተ ጋ ዘካርያስ፣ እነሱ ጋ ዘከሪያ። ሁለቱም ጋ ሽማግሌው ልጅ እንደሚወለድለት ተነግሮት ዝም ይላል። ሉቃስ ላይ ስላላመነ ነው አንደበቱ የተዘጋው። ቁርኣኑ ላይ ሦስት ሌሊት ሰውን አለማናገሩ የተሰጠው ምልክት ነው። ቀጥሎ ማርያም ትመጣለች። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ የሆነውን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር ይላል። ቁርኣኑ ላይ ደግሞ ለአዛኙ ጌታ የዝምታ ጾም ተስያለሁ፣ ዛሬ ሰው አላናግርም ትላለች። አንቺ በየቀኑ የምታመሰግኛት እናት በባልሽ መጽሐፍ ውስጥ በስሟ የተጠራ ምዕራፍ አላት። ይህንን ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከእሱ አንደበት፣ እሱ በሚወደው አነባበብ ስትሰሚው ሌላ ነው። እሱም ዘካርያስን ካንቺ አፍ ይስማው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ሁለቱ ንባቦች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። መልአኩ ለማርያም የሚወለደው የልዑል ልጅ ይባላል ይላታል ሉቃስ። ሱረቱ መርየም ደግሞ አላህ ልጅ መያዝ አይገባውም ይላል። እዚያ ስትደርሱ ማለሳለስ አያስፈልግም። «ያው ነው፣ አንድ ነው» አትበሉ፤ ያው አይደለም፣ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ክርክርም አትክፈቱ። አንብቡት፣ መጽሐፉን ዝጉት፣ ሻያችሁን ጠጡ። ሁሉም ሰው የሚያነሳው የነጃሺ ታሪክም እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ለሐበሻው ንጉሥ ያነበቡለት ይህንኑ የመርየምን ምዕራፍ ነው። ንጉሡ መጀመሪያ ሰማ። መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጾሙም ይረዳችኋል። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ በቀናት ልዩነት ነበር የገቡት። የሂጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ይህ ሁልጊዜ አይገጥምም። ሲገጥም ግን አታባክኑት። የአንቺ ጾም እንደ አቅምሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል፤ የእሱ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ያውም ያለ ውኃ፣ በድሬ ፀሐይ። አንድ ቀን አንቺም ጠብቂውና አብራችሁ ግደፉ። ሳምቡሳውን በምስር ሥሪው፣ በዘይት ጥበሺው። ለአንቺ የጾም ነው፣ ለእሱም ይሆናል። ተምሩም፣ የአትክልት ሾርባውም እንደዚሁ። ልጅቱ ሳምቡሳውን ስትጠቀልል ዱቄቱ እስከ ክርኗ ይድረስ፤ አትቆጫት። በአንድ ትሪ ሁለት ጾም ሲፈታ ማየት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ባልሽ «እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም» ቢልስ? አትጫኚው። መጽሐፉን ከትራስ ሥር አውጪና ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል። ብዙ ወንድ ቃል ሲወረወርበት ይሸሻል፣ በተግባር ሲያየው ይቀርባል።

«ኃጢአት ይሆን?» ላልሽው እኔ ካህን አይደለሁም። የማውቀውን ግን አልደብቅሽም። በእስልምና ሙስሊም ወንድ መጽሐፍ የተሰጣቸውን ሴት ማግባቱ በቁርኣን 5ኛው ምዕራፍ ተፈቅዷል። በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለውም 2ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። በአንቺ ቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ይህ ጋብቻ በተክሊል አይባረክም፤ ከቁርባንም አርቆሻል። ያማል፣ አውቃለሁ። በደብዳቤሽ «በማዘጋጃ ተፈራርመን» ብለሽ በአንድ መስመር ብቻ ነካ አድርገሽ አልፈሽ ነበር፤ ከሁሉ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። ይህንን ቁስል የእኔ ዓምድ አይፈውሰውም። ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ስድብ ፈርተሽ ከሆነ የቀረሽው፣ እርጋታ ያላቸውን አባት ፈልጊ፣ አሉ። በመንግሥት ሕግ በኩል ስጋት አይግባሽ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ የመጋባት መብት ተጽፏል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ካንቺ ብትሰማ ይሻላል። ስለ ዝምታውና ስለ ንባቡ ማብራራት አይጠበቅብሽም። «ጸሎቴን በግልጽ ነው የማደርሰው፣ ባሌም ያከብርልኛል» በያት። አንዲት የሐረር እናት ከዚህ የበለጠ የሚያሳርፋት ነገር ያለ አይመስለኝም። ለጉልበቷ ዱዓ የሚያደርግላት ከሆነም ንገሪያት።

የልጅቱ ነገር ነው የሚከብደው። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ እንደሆነ፣ ወይም አባቷ ቁርኣን ቤት ሊልካት አስቦ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ያልጻፍሽልኝ አልተወሰነም ማለት ይመስለኛል። ከላይ ያልኩሽ ሁሉ ይህንን አይፈታውም። ማለዳ ዝም ብላችሁ መቀመጣችሁ ግን ለመነጋገር የሚሆን ልብ ይሰጣችኋል። ቀን ቁረጡና ተነጋገሩ፤ ረመዳንም ሁዳዴም ባልሆነ ወር፣ ሁለታችሁም ያልደከማችሁበት ቅዳሜ። አንድ ነገር ላይ ግን ዛሬውኑ ተስማሙ፦ በድብቅ የሚደረግ ነገር የለም። አንቺ ሳትነግሪው ወደ ቤተ ክርስቲያን አትወስጃትም፣ እሱ ሳይነግርሽ ወደ መስጊድ አይወስዳትም። አያቶችም እንደዚያው። ለልጅ ልጃቸው አዝነው ሹልክ ብለው የሚያደርጉት ነገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ አይቻለሁ። ስለዚህ የወሰናችሁትን ለእናትሽም ለእናቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። መጋላ እዚሁ ነው። ሐረርም ቢሆን ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ።